የዓሣ ጎመን

ጡረታ ስወጣ የሰው ኃይል ክፍል የሠራሁባቸውን ቦታዎች በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝ። ደምበጫ፣ ሉማሜ፣ ደብረ ማርቆስ። ሦስት መስመር ናት። ቤት ወስጄ ለባለቤቴ ሳነብላት «ይኸው ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሰው ዕድሜውን በሙሉ ሠርቶ ሦስት መስመር ከሆነ ያሳዝናል። ስለዚህ ወረቀቱ የዘለለውን እኔው ልጻፈው ብዬ ተቀመጥሁ። ሁሉንም አልጽፍም፤ በተለይ ሦስተኛው መስመር ውስጥ ስላለው ጓሮና ስለ አንድ ሰው ነው።

ሥራ የጀመርሁት ደምበጫ ዙሪያ በልማት ጣቢያ ሠራተኝነት ነበር። ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከሽሮ አያልፍም፤ እሱን እንተወው። የመጀመሪያው አለቃዬ ቁጡ ነበሩ፤ ገበሬ ቤት ሲገቡ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ነው። «ገበሬውን ከማስተማርህ በፊት የሚያውቀውን ጠይቀው» ይሉኝ ነበር። እኔ ገና ከሥልጠና የወጣሁ ወጣት ስለነበርሁ ማስተማር እንጂ መጠየቅ አልወድም። በመስመር ዝሩ፣ ማዳበሪያውን እንዲህ አድርጉ እያልሁ በእግርም በፈረስም ዞርሁ። ከዚያ ሉማሜ ተዛወርሁ። የሉማሜው አለቃዬ ሪፖርት ወዳድ ነበሩ። ማሳ ላይ ያልበቀለ ድንች ወረቀት ላይ ሲበቅል ያየሁት እዚያ ነው። አለቃን ደስ ማሰኘት የሚባለውንም ክፉ ትምህርት የተማርሁት እዚያው ነው። በኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል።

ደብረ ማርቆስ በአትክልት ልማት ባለሙያነት ተመድቤ ጥቂት ዓመታት እንደሠራሁ ጋሽ ይበልጣል ወደ ክፍላችን መጡ። ቀጭን ናቸው፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፤ ለጡረታ ጥቂት ዓመታት የቀራቸው የዓሣ ባለሙያ። በጎልማሳነታቸው ለትምህርት ባሕር ማዶ ተልከው፣ አንድ ሞቃት አገር ውስጥ ባለ የአትክልት እርሻ ላይ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። እዚያ ከእርሻው ባለቤት ጋር ሆነው ዓሣና አትክልት በአንድ ውኃ ማሳደግ ጀምረው ነበር። በእንግሊዝኛው አኳፖኒክስ ይባላል። ነገሩ ሲያወሩት ቀላል ነው፤ ዓሣው ውኃውን ያቆሽሻል፣ ቆሻሻው ለአትክልቱ ማዳበሪያ ይሆናል፣ አትክልቱ ደግሞ ውኃውን አጣርቶ ለዓሣው ይመልሳል። ውኃው እየዞረ ስለሚያገለግል ትንሽ ውኃ ብዙ ይሠራል።

«እዚያ አገር ፀሐይ በነፃ ነው፤ እዚህ ግን ብርዱ አለ» አሉኝ የመጀመሪያ ቀን። «ይሆናል አልልህም። እንሞክረው ነው የምልህ።»

መሥሪያ ቤቱ አንድ ገበሬ ጓሮ ላይ እንድንሞክር ፈቀደልን። የመረጥናቸው ወይዘሮ ባንቺአየሁን ነው። ከተማው ዳር ይኖራሉ፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ጎመንና ቆስጣ እያበቀሉ፣ ገበያ እያወጡ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ጓሯቸው ውስጥ የጉድጓድ ውኃ አላቸው። ስንነግራቸው በሳቅ ፈነዱ።

«ዓሣ? እዚህ? ባሕሩ የት አለና?»

«ባሕሩን እኛ እንሠራዋለን» አሉ ጋሽ ይበልጣል።

«ጎመኔን ከምነቅልበት መሬት ላይ?»

«አዎ፣ ከእሱ ላይ ነው የምንለምንዎት።»

ወይዘሮ ባንቺአየሁ ትንሽ አሰቡና፣ «የለመነኝ ሰው አይቼ አላውቅም። ሁሉም የሚያዘኝ ነው። እሺ» አሉ።

የጎመኑን መደብ ነቅለን የሲሚንቶ ገንዳ ሠራን። ከገንዳው አጠገብ ከፍ አድርገን ሁለት የእንጨት ሣጥን ተከልንና ውስጡን ላስቲክ አልብሰን ቀይ ጠጠር ሞላንበት። ጋሽ ይበልጣል ጠጠሩን አንድ በአንድ ነው የመረጡት። ቀላል፣ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ የበዛበትን ይወስዳሉ፤ ልሙጡን ይጥላሉ። ከላይ ላስቲክ ቤት ሠራንበት። ትንሽ ፓምፕ ውኃውን ከገንዳው ወደ ጠጠሩ ትገፋለች። ጠጠሩ ውስጥ ደግሞ በቆመ ቱቦ ላይ የተደፋ ጠርሙስ አለ፤ ውኃው ሞልቶ ከቱቦው አፍ ሲደርስ ጠርሙሱ ባንዴ ይስበውና ሁሉንም ወደ ገንዳው ይለቀዋል። ከዚያ እንደገና ይሞላል። ይህን ጠርሙስ ደወል እንለው ነበር።

ጎረቤት ያሉት የቅኔ መምህር መሪጌታ ስማቸው መጥተው ደወሉ ሲሠራ ቆመው አዩ። «ደወል ነው ያላችሁት?» አሉ።

«አዎ፣ መሪጌታ።»

«የእኛ ደወል ሰው ይጠራል፤ የእናንተ ደወል ውኃ ይጠራል!» ብለው ሳቁ። ውኃውን ይጠራዋል ማለታቸው ነው፣ ወይስ ውኃው ጠርቶ ንጹሕ ይሆናል? ጋሽ ይበልጣል ቅኔው ገብቷቸው እጅ ነሷቸው። እኔ ማታ ቤቴ ስደርስ ነው የገባኝ።

የዓሣ ጫጩቶቹን ከባሕር ዳር በሚኒባስ አመጣናቸው። ቆሮሶ የሚባለው ዓይነት ናቸው። አየር በተሞላ ላስቲክ ውስጥ ሆነው ጋሽ ይበልጣል እንደ ሕፃን ታቅፈዋቸው መጡ። ደምበጫ ስንደርስ አንድ ተሳፋሪ «አባት፣ እነዚህ ለመጥበስ አያንሱም?» ሲላቸው፣ «እነዚህ ለሥራ ነው የሚሄዱት፤ ተቀጥረዋል» አሉት። ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። እንደደረስን ግን አልለቀቋቸውም። ላስቲኩን እንደታሰረ ገንዳው ላይ አንሳፍፈው የላስቲኩ ውኃና የገንዳው ውኃ ሙቀታቸው እስኪመጣጠን ጠበቁ። ከዚያ በጣሳ፣ በጣሳ የገንዳውን ውኃ ጨመሩበት። የቸኮለ ሰው እዚያ ላይ ያብዳል። እኔ ቸኩዬ ነበር።

ጋሽ ይበልጣል ሲሠሩ ማየት ለእኔ ትምህርት ቤት ነበር። ጠዋት ሲመጡ መጀመሪያ ዝም ብለው ገንዳው ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ። አያወሩም። ዓሦቹ የት እንዳሉ፣ ታች ናቸው ወይስ ላይ፣ ተበታትነዋል ወይስ ተሰብስበዋል፣ ያያሉ። ቀጥሎ እናት የልጇን ገላ መታጠቢያ እንደምትሞክር ክርናቸውን ውኃው ውስጥ ያስገባሉ። ከጠጠሩ አንድ እፍኝ አንስተው ያሸታሉ። ከዚያ ቁንጥር መኖ ይበትኑና ዓሦቹ በልተው እስኪጨርሱ በለሆሳስ ይቆጥራሉ። ዘግይተው ከበሉ የቀረውን አይሰጡም። «ሆዱን ሳይሆን ውኃውን ነው የምንመግበው» ይላሉ። መብራት ሲጠፋ ባልዲ ይዘው ውኃውን እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፈሱታል፤ አየር እንዲገባበት ነው። አንድም ቀን ሰው ፊት ሲያርሙኝ አላየሁም። ስሳሳት «ውኃውን እንጠይቀው» ብለው ይዘውኝ ይሄዳሉ እንጂ።

ሁለት ወር ሳይሞላ የተከልንበት ሰላጣ ጠጠሩን ሸፈነው። የአካባቢው ሰው «የዓሣ ጎመን» የሚል ስም አወጣለት። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ገበያ ላይ በኩራት «ይኼ ዓሣ ያበቀለው ነው!» እያሉ ይሸጡት ጀመር።

ጥፋቴ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ጋሽ ይበልጣል ወንድማቸው ታሞባቸው ለዐሥር ቀን ወደ ባሕር ዳር ሄዱ። በዚያው ሳምንት ኃላፊያችን ጠርተው «እንግዶች መጥተው ያንን የዓሣ ጓሮ ያያሉ፤ አምሮ ይጠብቃቸው» አሉኝ። ሄጄ አየሁት። አትክልቱ ያምራል፤ ጠጠሩ ግን ቡናማ የሚያሟልጭ ነገር ለብሷል፤ ቱቦውም እንደዚያው። በሉማሜ የተማርሁት ትምህርት መጣብኝ። እንግዳ ይህን አይቶ ምን ይላል? ወይዘሮ ባንቺአየሁ ገበያ በወጡበት ቀን አትክልቱን በጥንቃቄ ነቅዬ ጠጠሩን አውጥቼ በበረኪና አጠብሁት። ቱቦውንም አጠብሁ። ደጋግሜ በውኃ አለቅልቄ መለስሁትና አትክልቱን መልሼ ተከልሁ። እንደ አዲስ ሆነ፤ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ። እሳቸውም ሲመለሱ በምን እንዳጠብሁት አልጠየቁኝም።

እንግዶቹ መጡ። ዓሦቹ ወደ ላይ ሲዘሉ እንዲያዩልኝ መኖውን በእፍኝ በተንሁት። ዘለሉ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ኃላፊያችን ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወይዘሮ ባንቺአየሁ ሰው ላኩብኝ። ስደርስ ዓሦቹ ሁሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከውኃው በላይ እየከፈቱ ይዘጋሉ። ባልዲ ይዤ ውኃ መቅዳትና ማፍሰስ ጀመርሁ። እሳቸውም ሌላ ባልዲ ይዘው ነጠላቸውን አደግድገው አብረውኝ ቀዱ። ቀኑን ሙሉ ቀዳን። ፀሐይ ስትገባ አንድም ዓሣ አልቀረም።

ወይዘሮ ባንቺአየሁ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን አገላብጠው አዩት። «በቀደም ልብስ አጥቤ ነበር» አሉ። «በሳሙና እጄ መኖ ሰጥቻቸው ይሆን? እኔ ነኝ የገደልኋቸው?»

መልስ መስጠት ነበረብኝ። በረኪናው ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ግን «እንጃ፣ ጋሽ ይበልጣል ሲመጡ እናያለን» አልሁ።

አምስት ቀን እንዲያ አለፈ። ሌላው ጎረቤታቸው መጥቶ እየሳቀ «ዓሣና ጎጃምን ምን ያገናኛቸዋል ብዬሽ አልነበረም?» ይላቸዋል። እሳቸው አንገታቸውን ይደፋሉ። ጾም ላይ ስለነበርን፣ ዓሣው ሲደርስ በጾም ቢበላ ብለው አስበው ኖሮ፣ ቅጣት መጣብኝ ብለው መሪጌታ ዘንድ ሄዱ። መሪጌታ «እኔ በጾም ዓሣ አልበላም፤ ነገር ግን ዓሣው የሞተው በውኃው ነው እንጂ በሐሳብሽ አይደለም» ብለው አጽናኗቸው። ይህን ሁሉ እሰማለሁ። እየሰማሁ ዝም እላለሁ።

ጋሽ ይበልጣል ሲመለሱ ከአውቶቡስ ተራ በቀጥታ ወደ ጓሮው መጡ። እንደ ልማዳቸው ጠርዙ ላይ ተቀመጡ። የሚታይ ዓሣ አልነበረም። ከጠጠሩ አንድ እፍኝ አነሡ፤ አሸተቱ፤ እንደገና አሸተቱ። ወይዘሮ ባንቺአየሁ እስኪርቁ ጠብቀው፣

«አንሙት» አሉኝ በስሜ ጠርተው፣ «ይህ ጠጠር ዝናብ የመታው አፈር ይሸት ነበር። አሁን ምንም አይሸትም።»

ሁሉንም ነገርኋቸው።

አልተቆጡም። «ያ የሚያሟልጨው ነገር ቆሻሻ መሰለህ» አሉ ቀስ ብለው። «እዚያ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት ነበሩ። የዓሣውን መርዝ ወደ ማዳበሪያ የሚለውጡት እነሱ ናቸው። ዓሣውም አትክልቱም የሚኖሩት በእነሱ ነው። አንተ እነሱን ገደልህ፤ መኖውን ደግሞ አበዛህ። መርዙ የሚለውጠው አጣ።»

«ዓሣ ግማቱ ካናቱ ይባል የለ፣ ጋሼ» አልሁ፤ ራሴን መውቀሴ ነበር።

«ምሳሌውን ተወው» አሉኝ። «እኔም ጥፋት አለብኝ። እንዴት እንደሚሠራ አሳየሁህ እንጂ ለምን እንደሚሠራ አልነገርሁህም። የእኔን እኔ እነግራቸዋለሁ። ያንተን ግን አንተ ነህ የምትነግራቸው። ዛሬ።»

ከገንዳው እስከ ቤታቸው በራፍ ድረስ ያለችው መንገድ ሃያ እርምጃ አትሞላም። በሥራ ዘመኔ እንደሷ የረዘመብኝ መንገድ የለም። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ባቄላ ይለቅሙ ነበር። መሪጌታም አጠገባቸው ተቀምጠዋል።

«ወይዘሮ ባንቺአየሁ፣ ዓሦቹን የገደልኋቸው እኔ ነኝ። እርስዎ ገበያ ሲሄዱ ጠጠሩን በበረኪና አጠብሁት።»

ሰፌዱን አስቀመጡት።

«በበረኪና?»

«በበረኪና።»

«እና ያን ሁሉ ቀን ‹እጄ ነው፣ ሳሙናዬ ነው› ስል፣ ኃጢአቴን ስቆጥር፣ አንተ ታየኝ ነበር?»

ከዚያ ቀን በፊት አንቱ እንጂ አንተ ብለውኝ አያውቁም። «አዎ» አልሁ።  «ይቅር ይበሉኝ።»

  «ስለ ዓሣው አይደለም የከፋኝ» አሉ። «ከብትም ይሞታል፣ ሰብልም ውርጭ ይመታዋል። የከፋኝ ሰው ሲስቅብኝ ቆመህ ማየትህ ነው። አሁን ይህን የነገርኸኝን ለዚያ ጎረቤቴም ንገረው። ከዚያ ነገ ጠዋት ና፤ ያንን ጠጠር የሚያለቀልቅ ሰው እፈልጋለሁ።»

ለጎረቤቱም ነገርሁት። ጎረቤቱ ባንድ ጊዜ ሳቁን ተወ፤ ሰው ጥፋቱን ሲናገር መስማት ያልለመደ ይመስላል። ለኃላፊያችንም ነገርሁ፤ ማስጠንቀቂያ ጻፉብኝ፤ ተገቢ ነበር።

እንደገና ስንጀምር ጋሽ ይበልጣል አላስቸኮሉንም። ከወንዝ ዳር፣ ውኃ ከማይለየው ቦታ፣ ያንን የሚያሟልጭ ነገር የለበሰ ድንጋይ ለቅመን ጠጠሩ ውስጥ ቀበርን። አምስት ዓሣ ብቻ አስገባን። በጠብታ የምትሠራ መመርመሪያ ነበረቻቸው፤ ብልቃጥ ውስጥ ውኃ ቀድተው ጠብታ ሲጨምሩበት መርዙ ካለ አረንጓዴ፣ ከሌለ ቢጫ ይሆናል። በየቀኑ ጠዋት ሦስታችን በብልቃጡ ዙሪያ እንቆማለን። አረንጓዴ። አረንጓዴ። ከወር በላይ አረንጓዴ። አንድ ቀን ወይዘሮ ባንቺአየሁ ራሳቸው ጠብታውን ጨምረው ወደ ፀሐይ አነሡት። «ቅቤ መሰለ!» ብለው ጮኹ። ጋሽ ይበልጣል ብልቃጡን ተቀብለው አዩትና እልል አሉ። ሽማግሌ ወንድ ብቻውን እልል ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሚቀጥለው በጋ የአካባቢው ጉድጓድ ሁሉ ወረደ። የጎረቤት ጎመን ጠወለገ። የወይዘሮ ባንቺአየሁ ጉድጓድም ወርዶ ነበር፤ ጓሯቸው ግን የሚፈልገው የተነነውን የሚተካ ጥቂት ባልዲ ብቻ ስለሆነ ለምለም እንደሆነ ከረመ። ያ የሳቀው ጎረቤት መጥቶ አጥሩ ላይ ተደግፎ ሲያይ፣ «ግባ እንጂ፤ ከውጭ ሆኖ የሚማር የለም» አሉት።

ብርዱ ግን አላሸነፍነውም ነበር። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ ሲመጣ ዓሦቹ መብላት ያቆማሉ፤ አያድጉም። ጋሽ ይበልጣል ጥቁር የተቀባ በርሜል ፀሐይ ላይ አቁመው ውኃውን በእሱ አዞሩት፤ ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይበርዳል። ሁለት ዓመት ታገሉት። በሦስተኛው ዓመት አንድ ጠዋት ስንመጣ የፈረስ ፋንድያና ገለባ ተቀላቅሎ በገንዳው ግድግዳ ዙሪያ ተቆልሏል፤ እንፋሎቱ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ይበልጣል።

«ፋንድያ ነዋ» አሉ ወይዘሮ ባንቺአየሁ። «ዶሮዎቼ በብርድ ጊዜ የት እንደሚያድሩ አይተው ያውቃሉ? ፋንድያው ክምር ላይ ነው። ሲብላላ ይሞቃል። ለዶሮ ከሞቀ ለዓሣ ለምን አይሞቅም አልሁ።»

ጋሽ ይበልጣል ክርናቸውን ውኃው ውስጥ ከተቱ። ቆዩ። ከዚያ ክርናቸውን ሳያወጡ፣ «ባሕር ማዶ ሄጄ፣ መጽሐፍ አንብቤ፣ በርሜል ቀብቼ!» አሉ። «እመቤቴ፣ እባክዎ ከመጀመሪያው ያስረዱኝ። ፋንድያውን ከገለባ ጋር ስንት በስንት ነው የቀላቀሉት?» ጠርዙ ላይ ተቀመጡና እሳቸው ሲናገሩ እንደ ተማሪ አዳመጡ። እኚህን ሰው ያን ቀን ካከበርኋቸው በላይ አክብሬያቸው አላውቅም። ያ ብርድ ካለፈ በኋላ ለፋሲካ የመጀመሪያዎቹን ትልልቅ ዓሦች አወጣን። መሪጌታም በሉ፤ እሾሁን እየለቀሙ፣ ሦስት ጊዜ እየመረቁ።

ጋሽ ይበልጣል ጡረታ ወጥተው ባሕር ዳር ገቡ። ጓሮው ግን እየታወቀ ሄደ። የእኔም ጡረታ ሲቃረብ ከአንድ ሞቃት የአፍሪካ አገር የአትክልት አምራቾች ሊያዩት መጡ። ጋሽ ይበልጣልንም በልዩ ጥሪ አስመጣናቸው፤ አርጅተው ነበር፤ ጥግ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ስለ ጠጠሩ፣ ስለ መኖው፣ ስለ ፋንድያው አንድ በአንድ አስረዱ። አስተርጓሚው ለመድረስ ተቸገረ። በመጨረሻ አንዱ እንግዳ «ማን ነው ያስተማርዎት?» ብሎ ጠየቀ።

ወይዘሮ ባንቺአየሁ መጀመሪያ ጋሽ ይበልጣልን፣ ከዚያ እኔን አመለከቱ። «አንዱ አስተማረኝ» አሉ። «አንዱ አጥፍቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ከሁለቱም ተጠቅሜያለሁ።»

አስተርጓሚው ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ። «ይቅርታው የምን ነበር?»

ነገርሁት። ስለ በረኪናው፣ ስለ እንግዶቹ ጭብጨባ፣ ዝም ስላልሁባቸው ቀኖች። እሱም ተረጎመው።  ከዚያ ከእንግዶቹ መካከል ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ እጁን አነሣ። አስተርጓሚው ሰምቶት ትንሽ አመነታና፣

«የእኔንም ዓሦች የገደልኋቸው እኔ ነኝ ይላል» አለን። «የቧንቧ ውኃ ከነማጽጃ መድኃኒቱ ገልብጦባቸው ነው። እስከ ዛሬ ግን ለሚስቱ ሙቀቱ ነው የገደላቸው እያለ ነው።»

ወይዘሮ ባንቺአየሁ ሳቃቸው መጣ። መቀመጫ ዱካ አንስተው ሰውዬው አጠገብ አደረጉለት። «ተቀመጥ በለው» አሉት አስተርጓሚውን፤ «ጠጠሩን እንዴት እንደሚያድን አሳየዋለሁ። ለሚስቱ የሚላትን ግን እሱ ራሱ ያስብበት።»